ትንሿ ንድፌ ትልቅ ሸራ ላይ ስትሄድ ትበላሽብኛለች፣ እናንተ እንዴት ነው ምታስተላልፉት?

የሳቢያኗ ሰዓሊ፣ ማክሰኞ ማታ 3:20

ሰላም የቀለም ሰዎች። ድሬ ነኝ፣ ሳቢያን። መሳል ከጀመርኩ አራት አመት ሊሞላኝ ነው ግን እስካሁን የሰራሁት ሁሉ ትናንሽ ነው፣ ከ40 በ60 በልጦ አያውቅም። አሁን አንድ ስዕል ይዞኛል፣ እሱን በትንሹ መስራት አልፈልግም። አናጢ ጋ 80 በ120 ፍሬም አሰርቼ አቡጀዲ ወጠርኩበት፣ ኮላ ቀባሁት፣ ጄሶ ሶስት እጅ ሰጠሁት፣ ሁሉም ዝግጁ ነው፣ ንድፉን እሱ ላይ ማድረስ ነው ያቃተኝ።

የምሰራው ሐረር ጁገል ውስጥ ያለ የሐረሪ ቤት ነው፣ የጓደኛዬ አያት ቤት። አረፋ ጊዜ ሄደን ከሰአቱን ሙሉ ነደባው ላይ፣ ማለት ቤት ውስጥ ያለው ከፍ ያለ መቀመጫ ላይ፣ ቁጭ ብዬ በእርሳስ ሳልኩት። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ስፌት ነው፣ ሰፌዱ በየመጠኑ ተሰቅሎ፣ ከታች ቀዩ ወለል፣ አያትየው ጥግ ላይ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ተቀምጠዋል አንድ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። አንድ ኤ4 ወረቀት ናት፣ ግን ነፍስ አላት። ጓደኛዬ ገና ስታያት ፊታቸውን ሳታይ በአቀማመጣቸው ብቻ እማ ብላ ነው የጮኸችው።

መጀመሪያ በካርቦን ሞከርኩ። ለሙከራ ብዬ ትንሽ ሸራ ላይ፣ ንድፉን ፎቶ ኮፒ አስደርጌ ከስሩ ሰማያዊ ካርቦን አንጥፌ በእስክሪፕቶ ደገምኩበት። መስመሩ ጥርት ብሎ ወጣ፣ ደስ አለኝ። ከዛ የዘይት ቀለም ቀባሁበት፣ በሶስተኛው ቀን ቢጫው ውስጥ ሰማያዊው መስመር ሰርጎ ወደላይ መጣ፣ ደገምኩት፣ አሁንም መጣ። ያን ሸራ ትቼዋለሁ።

ትልቁ ላይ ደሞ ካሬ አሰመርኩ። ወረቀቱን ወደጎን 9 ወደላይ 6 አርጌ ከፈልኩት፣ ሸራውንም እንደዛው 9 በ6፣ ከዛ ካሬ በካሬ እያየሁ ገለበጥኩ። ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ ቀን ላይማ ሙቀቱ አያሰራም። ጨርሼ ራቅ ብዬ ሳየው ሰፌዶቹ ክብ አይደሉም! የሆነ ሰው ከላይ የተጫናቸው ነው ሚመስሉት። አያትየውም አጠሩ ወፈሩ፣ ሌላ ሴትዮ ሆኑ። በላጲስ አጥፍቼ እንደገና ሰራሁት፣ ያው ነው። ደሞ መስመሩም እንደ ወረቀቱ አይደለም፣ ደርቋል፣ ያ በአንድ ትንፋሽ የሄደው የትከሻቸው መስመር ሸራው ላይ ተቆራርጦ የተገጣጠመ ሆኖ ቁጭ አለ።

እጄ ነው ችግሩ ወይስ አሰራሬ? ፕሮጀክተር ብጠቀምስ? የምታውቁ ንገሩኝ በጣም ነው ምፈልገው፣ አያትየው እድሜያቸው ገፍቷል፣ ጨርሼ ላሳያቸው ብያለሁ።


ጁገል_ቀለም፣ ማክሰኞ ማታ 4:05

እህቴ እኔ ሐረር ነኝ፣ የምትይውን ቤት ባላውቀውም አይነቱን አውቀዋለሁ፣ ያ ግድግዳ ከባድ ነው ወላሂ፣ ሰላሳ ክብ አንድ ላይ ማለት ነው አንዷ ከጠመመች ሁሏም ታስታውቃለች።

እኔ ፕሮጀክተር ነው ምጠቀመው፣ ከጓደኛ እዋሳለሁ። ጥሩ ነው ግን ፕሮጀክተርም ያጣምማል ካላወቅሽበት። ከሸራው መሀል ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ወንበር ላይ አርገሽ ከታች ወደላይ ካበራሽው የላዩ ይሰፋል የታቹ ይጠባል። ንድፉ ዙሪያ አራት ማዕዘን ሳጥን አስምሪና ፎቶ አንሺው፣ ሲበራ መጀመሪያ የሳጥኑ አራቱም ጫፍ ሸራሽ ላይ ልክ መግባቱን እዪ፣ ካልገባ አንድም መስመር እንዳትስዪ። ፎቶውንም በስልክ ተጠግተሽ አታንሺ ዳር ዳሩ ይጎብጣል፣ ራቅ በይና አቅርበሽው አንሺ።

ሌላው መብራት መሀል ላይ ሲሄድብሽ ነው። የፕሮጀክተሩ እግር ያረፈበትን ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አርጊበት፣ ሸራውም ያረፈበትን፣ እኔ አንዴ ይሄን ሳላደርግ ማታ መብራት ጠፍቶ ጠዋት ስመለስ ልጆች ነካክተውት ግማሹ ሰውዬ ከግማሹ ጋር አልገጥም ብሎኝ ሙሉውን ነው የሰረዝኩት።


ታፔላ ሰሪው፣ ረቡዕ ጠዋት 2:40

ልጄ እንደምን አደርሽ። እኔ ሰዓሊ የሚል ወረቀት የለኝም፣ ድሬ ውስጥ ታፔላ ስጽፍ ነው የኖርኩት፣ ከከዚራ እስከ መጋላ የሱቅ ግድግዳ ላይ ስንትና ስንት ነገር ከክብሪት ቀፎ አሳድጌያለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ወረቀትሽን በማስመሪያ ለክተሽዋል? ሸራሽ 80 በ120 ነው ብለሻል። ወረቀቱስ ስንት በስንት ነው?

እጅሽ ላይ ምንም የለም። ሰፌዶቹ ሁሉም በአንድ አይነት ከተጫኑ እጅ አይደለም፣ እጅ ሲሳሳት አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ ነው የሚያጣምመው። ሁሉም እኩል ከጠመመ መለኪያው ነው።

እንዲህ አድርጊ። ሸራውን መሬት ላይ አስተኝው። ወረቀትሽን በታችኛው የግራ ጥግ ላይ ልክ ከጥጉ ጋር ገጥመሽ አስቀምጪ። ከዛች ጥግ ክር አስሪና እስከ ላይኛው የቀኝ ጥግ ድረስ ወጥሪ። ክሩ በወረቀትሽ የላይኛው የቀኝ ጫፍ ላይ በትክክል ካለፈ ወረቀቱና ሸራው አንድ ቅርፅ ናቸው፣ ካላለፈ ወረቀቱና ሸራው አይተዋወቁም ማለት ነው። ሰርተሽ ንገሪኝ።


የሳቢያኗ ሰዓሊ፣ ረቡዕ ከሰአት 9:15

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ነው የሰራሁት። ክሩ ጫፉ ላይ አያልፍም!! ከወረቀቱ የላይኛው ጫፍ ዝቅ ብሎ ነው የሚወጣው፣ ለካሁት አንድ ሳንቲ ከሁለት ሚሊ ዝቅ ብሎ። ወረቀቱ 29.7 በ21 ነው።

ታዲያ እኮ ሁለቱንም 9 በ6 ነው የከፈልኩት፣ ቁጥሩ አንድ ከሆነ ልክ ይመስለኝ ነበር...


ታፔላ ሰሪው፣ ረቡዕ ማታ 1:30

አገኘሽው። ወረቀትሽ ላይ ያሰመርሽው ካሬ አይደለም። 29.7 ለ9 ሲካፈል 3.3፣ 21 ለ6 ሲካፈል 3.5፣ ቁመቱ ከወርዱ ይበልጣል። ሸራው ላይ ግን 13.3 በ13.3 ነው፣ እሱ እውነተኛ ካሬ ነው። ስለዚህ ወደጎን አራት እጥፍ ሲያድግ ወደላይ አራት እጥፍ አልሞላም። ከመቶ ስድስት እጅ ነው ልዩነቱ፣ ትንሽ ይመስላል፣ ዛፍ ወይ ተራራ ብትስዪ ማንም አያይብሽም፣ ክብ ነገርና የሰው ፊት ግን አይምርም። ለዚህ ነው አያትየው ሌላ ሰው የሆኑብሽ፣ አንቺ እኮ ካሬውን በትክክል ነው የገለበጥሽው።

እንግዲህ ሁለት መንገድ አለሽ። ወይ ወረቀቱን ወደ 29.7 በ19.8 ታወርጅዋለሽ፣ ማለትም ከቁመቱ ያንኑ 1.2 ሳንቲ ትተያለሽ፣ አትቁረጭው፣ በእርሳስ ብቻ አስምሪው፣ ወይ ደግሞ አንድም ነገር መተው ካልፈለግሽ ፍሬሙን 85 በ120 ታሰሪያለሽ። የቱን እንደምትተይ ግን ቸኩለሽ አትወስኚ፣ ከላይ ነው ከታች ነው የሚለው ስዕሉን ይለውጠዋል።

ከወሰንሽ በኋላ ሸራውን በ20 ሳንቲ ክፈይው። ወደጎን 6 ወደላይ 4፣ 24 ካሬ ይሆናል፣ ይበቃል። ወረቀቱ ላይ 4.95 ነው የሚሆነው፣ ለ5 ግማሽ ሚሊ የጎደለ። ያሰመርሽው 54 ካሬ በጣም ብዙ ነው፣ ካሬ ሲበዛ ሰው የሚያየው ካሬውን እንጂ ስዕሉን አይደለም፣ መስመርሽ የተቆራረጠውም ከዚህ ነው። ፊታቸውና እጃቸው ያለበትን ካሬ ብቻ ለአራት ክፈይው፣ ሌላውን ተይው።

በእርሳስ አታስምሪ። ክር ነው። ወፍራም የጥጥ ክር በደቀቀ ከሰል እሽት እሽት አድርገሽ፣ አንድ ሰው ከአንድ ጫፍ አንቺ ከሌላው ጫፍ ጥብቅ አድርጋችሁ ወጥራችሁ መሀሉን በሁለት ጣት ወደላይ ሳብ አድርገሽ ልቀቂው። ጧ ይልና ቀጭን ጥቁር መስመር ጥሎ ይነሳል። ሸራ ስለሆነ ይነጥራል፣ ከጀርባው ደብተር ወይ ጣውላ አስደግፊበት። ስትጨርሺ በደረቅ ጨርቅ ስታራግፊው ይጠፋል፣ የእርሳስ ካሬ ግን ከሳሳ ቀለም ስር እያደር ብቅ ይላል።

ከዛ ሁሉ በፊት ደሞ ፍሬሙ ራሱ ቀጥ ያለ መሆኑን እዪ። ከጥግ እስከ ጥግ ሁለቱንም ሰያፍ ለኪ፣ ሁለቱም 144 ሳንቲ ከ2 ሚሊ መምጣት አለባቸው። አንዱ ከሌላው ከበለጠ አናጢው ጋ መልሺው።


ቻርኮል በእጄ፣ ረቡዕ ማታ 2:50

ጋሼ ያሉትን ሳነብ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ እኔ አዲስ አበባ አለ የስነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት፣ ያ ክር የመምታት ነገር የጥንት ግብፆች መቃብር ግድግዳ ላይ የሚሰሩት ነው፣ ክሩን ቀይ ቀለም ነክረው ይመቱት ነበር፣ የቆመ ሰው ከእግሩ እስከ ግንባሩ ጸጉር ድረስ 18 ካሬ ነበር ልካቸው፣ ያልተጨረሱ ግድግዳዎች ላይ መስመሩ እስከዛሬ ይታያል። ድሬ ውስጥ በታፔላ ስራ መኖሩን ግን አላውቅም ነበር፣ እዚሁ ነው ያደግኩት እኮ።

እህቴ ስለካርቦኑ ልንገርሽ። የቢሮ ካርቦን ሰም አለው ማቅለሚያም አለው። ሰሙ ላይ ቀለም በደንብ አይይዝም፣ ማቅለሚያው ደሞ በዘይት ይሟሟል፣ ለዛ ነው ደጋግመሽ ብትቀቢውም ሰርጎ ሚመጣው። እስክሪፕቶም እንደዛው ነው፣ ሸራ ላይ በእስክሪፕቶ በፍፁም እንዳትነኪ። ያን ትንሽ ሸራ አታድኚውም፣ ጨርቁን አውልቂና በፍሬሙ ሌላ ወጥሪበት።

ካርቦን በራስሽ መስራት ትችያለሽ። የወረቀቱን ጀርባ በለስላሳ ከሰል ቀቢው፣ በጥጥ አሽተሽ አስገቢው፣ ትርፉን አራግፊ፣ ከዛ ሸራው ላይ በፕላስተር አጣብቀሽ ከፊት በጠንካራ እርሳስ ደግሚው። ጨርቁ ስለሚሰረጉድ ከጀርባ የሆነ ነገር አስደግፊ። ድሬ ደሞ ሙቀቱን ታውቂዋለሽ እጅ ያልበዋል፣ የላበ እጅ ከሰሉ ላይ አንዴ ካለፈ አለቀ፣ ሁልጊዜ ከእጅሽ ስር ንፁህ ወረቀት ይኑር።

ለሰፌዶቹ ግን ሌላ ነገር ነው የማስበው። ወረቀት በስቶ ከሰል ማራገፍ። በሙሉ መጠኑ የተሳለ ወረቀት መስመሩን ተከትለሽ በመርፌ ትበሺዋለሽ፣ ሸራው ላይ ትለጥፊዋለሽ፣ የደቀቀ ከሰል በድርብ ሻሽ ቋጥረሽ ቀዳዳዎቹ ላይ ጠብ ጠብ ታደርጊያለሽ፣ ወረቀቱን ስታነሺው መስመሩ በነጠብጣብ ቁጭ ይላል። አታሽው፣ መምታት ብቻ፣ ካሸሽው ከስር ይበተናል። የመርፌው ቀዳዳ ከጀርባ በኩል ጠርዝ ያወጣል እሱን በቀጭን ሳንድ ፔፐር ቀስ ብለሽ ካላነሳሽው ይዘጋና ዱቄቱ አያልፍም።

የራፋኤል የአቴንስ ትምህርት ቤት ንድፍ ሚላን ውስጥ አለ፣ ወረቀት በወረቀት ተቀጣጥሎ ወርዱ 8 ሜትር ይሆናል፣ ቁመቱ ወደ 3 ሜትር፣ መስመሮቹ ላይ የመርፌ ቀዳዳው ሞልቷል። እኔን የገረመኝ ግን ያንን ንድፍ ግድግዳው ላይ አላራገፈበትም፣ ቀዳዳውን ወደ ሌላ ወረቀት አሳልፎ በሌላው ነው የሰራው፣ ዋናው ንፁህ ሆኖ አጠገቡ እያየው እንዲስል። አንቺም ያቺን ኤ4 ወረቀት አታሰምሪባት አትብሻት፣ ኮፒዋ ላይ ነው ሁሉም ነገር የሚሰራው፣ እሷ አይንሽ ስር ትሁን።

አንድ ነገር ደሞ እንዳልረሳ፣ ከሰሉ ሸራው ላይ ከወጣ በኋላ ቀለም ብትቀቢበት ይታጠብና ቀለሙን ያቆሽሸዋል። በቀጭን ብሩሽ በደንብ በቀጠነ ቡናማ ደግሚበት፣ የተቃጠለ አምበር ካለሽ እሱን በተርፐንታይን ውሃ እስኪመስል አቅጥኚው፣ ዘይት አትጨምሪበት፣ ስር ያለው ከላዩ የቀጠነ መሆን አለበት። ወይ ደሞ ጄሶሽ ላይ ስለሆነ በቀጠነ አክሬሊክም ይቻላል፣ አክሬሊክ ከስር ዘይት ከላይ ችግር የለውም፣ ተገላብጦ ብቻ እንዳይሆን። ሲደርቅ ከሰሉን በጨርቅ አራግፊው፣ ቡናማው ብቻ ይቀራል።


ከዚራ_ህትመት፣ ሐሙስ ጠዋት 4:10

አቦ ለምንድነው ራሳችሁን ምታደክሙት ሚያስብል ነገር የለም ሁሉም የራሱ መንገድ አለው፣ ግን አንድ አማራጭ ልጨምር፣ እኔ የህንፃ ፕላን የሚታተምበት ቤት ነው ምሰራው። ንድፏን በጥሩ ጥራት ስካን አስደርጊያት፣ በ404 በመቶ አሳድጉልኝ በዪ፣ ጥቅል ወረቀት ላይ 120 በ80 ሆና በአንድ ወረቀት ትወጣለች። ቅድም ጋሼ እንዳሉት መጀመሪያ ስካኗን (ወረቀቷን ሳይሆን) 29.7 በ19.8 ላይ አስቆርጫት። ሲያትሙ ከወረቀቱ ጋር አስማሙ የሚለውን እንዳይነኩት ንገሪያቸው፣ እሱ ነው መጠኑን የሚያበላሸው፣ ወጥቶ ሲመጣ እዛው በሜትር ለኪው ሳትከፍዪ። ብዙ ሰዓሊ መጥቶ አያውቅም እኛ ጋ፣ ኢንጂነሮች ብቻ ናቸው ሚመጡት፣ ግን ማሽኑ ለመስመር የተሰራ ነው፣ ጥሩ አርጎ ነው ሚያወጣው።

ያንን ወረቀት ከጀርባ ከሰል ቀብተሽ መደገም ነው፣ ወይ እህታችን እንዳለችው መብሳት። ካሬ ምናምን አያስፈልግም።


ታፔላ ሰሪው፣ ሐሙስ ቀን 7:25

ወንድሜ ያልከው ትክክል ነው፣ መለኪያው አይሳሳትም። ለሰፌዶቹ እኔም ያንኑ እመርጣለሁ፣ ከ30 ክብ ጋር በካሬ መታገል ከንቱ ድካም ነው።

ለአያትየው ግን አልስማማም ልጄ። ሰው በካርቦን አይሻገርም። ወረቀቱ ላይ ያ የትከሻ መስመር አንድ ስንዝር አይሞላም፣ በአንጓሽ ነው የሳልሽው። ሸራው ላይ ከክንድ በላይ ነው፣ እሱ ከትከሻሽ ነው የሚመጣው፣ ቆመሽ፣ በሙሉ እጅሽ። ትንሹን መስመር ማሽን አራት እጥፍ ሲያደርገው መንቀጥቀጡም አራት እጥፍ ይሆናል፣ እሱን በእርሳስ ስትከተይ ደግሞ እንደ ተማሪ ነው የምትከተይው፣ ቀስ ብለሽ፣ መስመር የሚሞተው እዛ ነው።

እኔ የሰው ምስል ታፔላ ላይ ሳሳድግ ነጥብ ብቻ ነው የማሻግረው። የራስ ጫፍ፣ አገጭ፣ ሁለቱ ትከሻ፣ ክርን፣ አንጓ፣ ጉልበት፣ ልብሱ ወለል የሚነካበት። አስር አስራ ሁለት ነጥብ። ካሬው የሚጠቅመው ለዚህ ነው፣ ነጥቡ የትኛው ካሬ ውስጥ የት ጋ ነው፣ ሌላ ምንም። ከዛ ካሬውን እረሺው፣ ወረቀቱን አጠገብሽ ስቀይ፣ ደህና ርዝመት ያለው ከሰል ከጫፉ ያዢ፣ ነጥብ ከነጥብ በአንድ ትንፋሽ ሂጂ። ካልሆነ በጨርቅ ጥረጊው ድገሚው፣ ከሰል እኮ ለዚህ ነው የተፈጠረው። አስር ጊዜ ብትደግሚ ነጥቡ እዛው ስላለ አትጠፊም።


ጁገል_ቀለም፣ ሐሙስ ማታ 2:00

ጋሼ ይሄን ያሉትን ወስጄዋለሁ እኔም፣ ፕሮጀክተር ላይ ያለው ችግር በትክክል ይሄ ነው፣ ጨለማ ውስጥ ብርሃኑን እየተከተልኩ ስስል ሰራሁ ብዬ መብራት ሳበራ ሰውየው ሽቦ ሆኖ ነው ማገኘው።

እህቴ ቀዳዳውን በመርፌ በእጅሽ ልትበሺ ከሆነ ግን አይ፣ ሰላሳ ሰፌድ ሳምንት ይፈጅብሻል። መኪና ግርግር ነይ፣ እዚህ ጁገል ያለው የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ! ወረቀቱን ይዘሽ ነይና አንድ ልብስ ሰፊ ጋ ቁጭ በዪ፣ ክሩን ከመርፌው ያውጣና መስመሩን ተከትሎ ይስፋው፣ ክር በሌለው መርፌ። መኪናው ራሱ ይበሳልሻል። ለክብ ነገር ደሞ እነሱን ሚያክል የለም፣ ቀኑን ሙሉ የሸሚዝ ኮሌታ ሲያዞሩ ነው ሚውሉት።


ቻርኮል በእጄ፣ ሐሙስ ማታ 2:12

ይሄን አላሰብኩትም፣ በጣም ጥሩ ነው!! ወፍራም መርፌ ያስገባ፣ የጂንስ። ስፌቱን ደሞ ረዘም ያርገው፣ ቀዳዳው በጣም ከተቀራረበ ወረቀቱ እንደ ቴምብር ተገንጥሎ ይቀራል።


የሳቢያኗ ሰዓሊ፣ እሁድ ማታ 3:45

የት እንደምጀምር አላውቅም፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ያደረኩትን ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ሰያፉን ለካሁ፣ አንዱ 144.2 ሌላው 143.6 መጣ፣ አናጢው ጋ ይዤ ሄጄ አንዷን ጥግ መታ መታ አርጎ አስተካከለልኝ። 1.2 ሳንቲውን ከላይ ነው የተውኩት። ወለሉን መንካት አልቻልኩም፣ ቀዩ ነው አያትየውን የተሸከማቸው። ከላይ ጣሪያው ትንሽ ዝቅ አለ ግን ቤቱ ራሱ ውስጥ ስትቀመጡ እንደዛ ነው ሚሰማው።

ሰፌዶቹን አሳትሜ ቅዳሜ ጠዋት ሐረር ወጣሁ። መኪና ግርግር አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ጋ ገባሁ፣ ወረቀት ስፉልኝ ስላቸው መጀመሪያ አልገባቸውም፣ ሳሳያቸው ግን መነፅራቸውን ቀይረው ነው የተቀመጡት። መኪናዋ የእግር ናት። ወረቀቱን በሁለት መዳፋቸው ተጭነው እንደ መሪ ቀስ እያሉ ያዞሩታል፣ መርፌዋ ጠቅ ጠቅ ጠቅ እያለች ክቡን ትከተላለች፣ አንድም ቦታ አልሳቱም። በመሀል ቆም ብለው ይቺኛዋ የማን ቤት ናት አሉኝ፣ ነገርኳቸው፣ አያትየውን አወቋቸው። ብር አልቀበልም ብለው ስንት ለምኜ ነው ትንሽ የተቀበሉኝ።

ማታ ድሬ ተመልሼ ከሰሉን በሙቀጫ ወቅጬ በወንፊት ነፍቼ በሻሽ ቋጠርኩት። ጀርባውን በሳንድ ፔፐር ማለፌ ጥሩ ነበር፣ አንድ ጥግ ላይ ረስቼ ነበር እዛ ጋ ምንም አልወጣም። ሌላው ጋ ወረቀቱን ሳነሳው ግድግዳው በሙሉ በነጠብጣብ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ፣ እህቴን ጠርቼ አሳየኋት፣ ሁሉም ክብ ነው፣ ክብ!

አያትየውን ዛሬ ጠዋት ሙቀቱ ሳይመጣ ሰራኋቸው፣ ጋሼ እንዳሉት በ11 ነጥብ። ትከሻቸውን ሰባት ጊዜ ጠረግኩት። ስምንተኛው ላይ መጣ። ወረቀቷ ላይ ካለው ጋር አንድ አይደለም፣ ትንሽ ወደፊት ደፋ ይላሉ፣ ግን እሳቸው ናቸው። ለጓደኛዬ ፎቶውን ስልክላት ደወለችልኝ፣ ስታለቅስ ነበር፣ ብዙ አላወራንም።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ከላይ በቀኝ በኩል ያለችው ትንሿ ሰፌድ ንድፏ ላይ ከጎኗ ካሉት ዝቅ ብላ ነው ያለችው፣ ሲታተም የተሳሳተ መስሎኝ በቡናማው ስደግም ከሌሎቹ ጋር አስተካክዬ ሳልኳት። አሁን ሳስበው ቤቱ ውስጥም ዝቅ ብላ ነው የተሰቀለችው፣ ምስማሯ የጎበጠ ነበር። አምበሩ ገና በደንብ አልደረቀም። አሁን ባጠፋው ይጠፋል?


ታፔላ ሰሪው፣ እሁድ ማታ 4:02

ይጠፋል ልጄ። ጨርቅ ጫፉን በተርፐንታይን አርጥበሽ ጨምቂው፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ጥረጊ፣ አትጫኚው። ወረቀቱ ላይ ቀዳዳው አለ፣ ቦታዋን እሱ ያውቀዋል፣ መልሰሽ ግጠሚና ያቺን ብቻ ምቻት። ዛሬ ማታውኑ አድርጊው፣ ነገ ሙቀቱ ያደርቀዋል።


የሳቢያኗ ሰዓሊ፣ እሁድ ማታ 4:50

ወደቦታዋ ተመለሰች ጋሼ። ምስማሩንም ሳልኩት።